ከፊልሙ ተቆርጦ የወጣው

የግቢው ደወል ሲጮህ ቀጮ የእናቷን ፀጉር እያበጠረች ነበር። ከክሊኒኩ ደውለው «አንድ ፊልም ሠሪ እንልክልሻለን፤ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን ይቀርጻል፣ በኋላ ፊልሙን ለሌሎች አስታማሚዎች አሳይተን እንወያይበታለን» ብለዋት ነበር። እሷም ሰው የሚባል ፍጡር ወደዚያ ቤት ብቅ ይበል እንጂ ማንም ይሁን ማን ብላ እሺ አለች። ማበጠሪያውን እንደያዘች ሄዳ በሩን ከፈተችና እዚያው ደርቃ ቀረች።

የሾፌራቸው ልጅ ነበር።

ጎልምሷል። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ ትከሻው ላይ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ አንግቷል። ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው፤ አንዴ ካረፉ ቶሎ የማይነሱት እነዚያ ዓይኖች።

«ቀጮ» አላት።

በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ካጣች ስንት ዘመኗ! በልጅነቷ ሸምበቆ የመሰለች ስለነበረች የወጣላት ስም ነው። ከጠሪዎቹ ከፊሉ ሞተዋል፣ ዋናዋ ጠሪ እናቷ ደግሞ ከነስሟ ረስተዋታል።

«አንተ ነህ የምትቀርጸው?»

«እኔ ነኝ። ካልፈለግሽ ሌላ ሰው ይልካሉ።»

ይላኩ ልትል ነበር። ያ ቀን እንደ ትናንት ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ያኔ እናቷ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ነበራቸው፤ «እትዬ» ሲባሉ የሠራተኛው ሁሉ ወገብ ይጎብጥ ነበር። ልጃቸውና የሾፌራቸው ልጅ መዋደዳቸውን የሰሙ ዕለት ሳሎናቸው መሐል ቆመው «የሾፌሬ ልጅ አማቼ ሊሆን? በቁሜ?» አሉ። አባትየው የመኪናውን ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ልጅየው አባቱን አየ፣ ቀጮን አየ፣ ወጣ። ቀጮ አልተከተለችውም። ተምራ ፋርማሲስት ሆነች፣ አላገባችም፣ እናቷ ሲታመሙ ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች።

አፏን ሳትከፍት እናቷ ፀጉራቸው ግማሹ ተበጥሮ ግማሹ እንደቆመ ከኋላዋ ብቅ አሉ። እንግዳውን አዩትና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ሾፌር! የት ተወሽቀህ ነው ከጠዋት ጀምሮ የምፈልግህ? መኪናውን አውጣ እንጂ! መደብሩ ዛሬም በእኔ ምክንያት አርፍዶ ይከፈት?»

መደብሩ ከተሸጠ ቆይቷል። ሾፌሩም ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ግን ቁርጥ አባቱን ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል። ቀጮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ፊልም ሠሪው ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ወገቡን ቀና፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ልክ አባቱ ያደርግ እንደነበረው።

«እሺ፣ እትዬ» አለ። «ጎማውን ልይና እንወጣለን። እስከዚያ ፀጉርዎን ይጨርሱ።»

«ጥሩ» አሉና ተመልሰው ገቡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ቀጮ ከንጋት ጀምራ ለምናም፣ ተቆጥታም ያላመጣችውን ጸጥታ እሱ በአንድ ቃል አመጣው። እፍረት ይሁን ቅናት ባልለየችው ስሜት ማበጠሪያውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆማ ቀረች።

* * *

እየዋለ እያደረ ካሜራው እንደ አንድ የቤት ዕቃ ተለመደ። ፊልም ሠሪው መስኮቱ አጠገብ ይተክለውና ከኋላው ይቀመጣል፤ ሲጠሩት ደግሞ ተነስቶ ሾፌር ይሆናል። እትዬ የልጃቸውን ስም ይርሱ እንጂ ጨርቅ አልረሱም። የመጣውን ሰው ሁሉ የልብሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ፈተግ አድርገው ይፈርዱበታል። የእሱንም ኮት ፈተጉ።

«ፖሊስተር ነው። ማን ነው እንዲህ የተጫወተብህ?»

«ሱፍ ነው ብለውኝ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«በል ሁለተኛ ሳታማክረኝ እንዳትገዛ!»

ቀጮ ወጥ ቤት ሆና ሳቋን በእጇ አፈነች። ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ቤት የሳቀችው መቼ እንደነበር ልታስታውስ ሞክራ አቃታት።

ከሁሉ የሚከፋው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያን ጊዜ እናቷ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ይቆማሉ። «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፤ ያለቅሳሉ። ቀጮ «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው፤ ይኸው አልጋሽ፣ ይኸው የአባዬ ፎቶ» እያለች ትከራከራለች፣ በተከራከረች ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። አንድ ቀን ፊልም ሠሪው አሮጌ መኪናውን አስነስቶ «ይግቡ፣ እትዬ» አለ። እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። በዳቦ ቤቱ አድርጎ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ፣ ተመልሶ እዚያው በር ላይ አቆመ።

«ደረስን፣ እትዬ።»

እናቷ በሩን አዩና ፊታቸው በራ። «ኡፍ! እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ሰለቸኝ እኮ።»

ቀጮ በመኪናው መስታወት ውስጥ ዓይኖቹን አገኘቻቸው። አልሳቀም። ዓይኖቹ ውኃ ሞልተው ነበር።

አንድ ከሰዓት እናቷ ሲተኙ ካሜራውን ወደ እሷ አዞረና ጠየቃት። «ከሁሉ የሚከብድሽ ምኑ ነው?»

«ማጠቡ አይደለም፣ ማብላቱም አይደለም» አለች። «አንድ ጠዋት ቁርስ ይዤላት ስገባ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። "ግቢ፣ ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ። እንደ ገበያተኛ። እሱ ነው።» ወደ እናቷ መኝታ ቤት ዞር ብላ አየችና «አንተን ታውቅሃለች። በሌላ ሰው ስምም ቢሆን ታውቅሃለች። እኔን በማንም ስም አታውቀኝም» አለች።

ከካሜራው ላይ ዓይኑን አንስቶ በባዶ ዓይኑ አያት። እሷም አልሸሸችውም። ያን ያህል ጊዜ ያላነሱት ነገር በመሐላቸው መጥቶ ቁጭ አለ፤ ሁለቱም ሊነኩት ፈሩ።

ክፉው ቀን ግን ባላሰቡት በኩል መጣ። እናቷ ክኒናቸውን አልውጥም ብለው ተፉ። በሾርባ ብትሰጣቸው ሳህኑን ወረወሩት፤ ትኩሱ ሾርባ በቀጮ ክንድ ላይ ፈሰሰ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር።

«ይቺ ሌባ!» አሉ እናቷ ወደ ካሜራው ዞረው። «የመደብሬን ቁልፍ የወሰደችው እሷ ናት!»

ቀጮ የእናቷን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች። የጮኸችው ድምፅ ከየት እንደወጣ እሷም አታውቅም። «ልጅሽ ነኝ! ልጅሽ! ዕድሜዬን ሁሉ ያፈሰስኩልሽ ልጅሽ! አንድ ቀን እንኳን እወቂኝ!» እያለች እጃቸውን ነቀነቀችው።

እናቷ በሌላኛው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሕፃን። «ሾፌር፣ ልትመታኝ ነው፣ አስጥለኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ፊልም ሠሪው ዘሎ ካሜራውን አጠፋ። ግን ሁሉም ተቀርጿል።

«አጥፋው» አለችው ቀጮ። «ዘር ማንዘሩ እንዳይገኝ አድርገህ አጥፋው።»

«እሺ።»

ክንዷን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ስትወጣ በረንዳው ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «እዚህ ቤት የመጣሁት ሴትየዋ ወድቀው ላያቸው እኮ ነው» ይላል። የቀረውን አልሰማችም። ጆሮዋ ጭው አለ። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቀችውና «እውነት ነው?» አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። «እውነት ነው። ክሊኒኩ የእናትሽን ስም ሲነግረኝ ሌላ ሰው ልልክ እችል ነበር። እኔ ራሴ መጣሁ። አባቴ ለሳቸው የመኪና በር ሲከፍት ነው ያረጀው። አንድ ቀን እሳቸውም አንገታቸውን ሲደፉ ላይ ፈለግሁ።»

«አየህ?»

«አየሁ፤ ግን ቀጮ...»

«በቃ፤ ያየኸው ይበቃሃል። ካሜራህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ወጣ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጉድጓድ ሆነ። በነጋታው እናቷ መስኮቱ ሥር ቆመው ጠበቁት። ከዚያ በኋላም ቀን በቀን ጠበቁት። ሌላውን ሁሉ በሰዓታት ውስጥ የሚረሱት ሴት ይህን አልረሱም። አንድ ማለዳ ዞረው ቀጮን በትዝብት አዩዋት።

«ሾፌሬን ያባረርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማዬ» አለች እያለቀሰች። ያኔ እናቷ ያደረጉትን ዛሬ እሷ በገዛ አፏ ደግማዋለች፤ ልዩነቱ እናቷ ያኔ አላለቀሱም።

* * *

ከወር በኋላ ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ገባ። «ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት በክሊኒኩ አዳራሽ ይታያል። እንዳይታይ ከፈለግሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ፣ ይቀራል።» ቀጮ ቃሉን ጽፋ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው፣ እንደገና አጠፋችው። ቅዳሜ እናቷን አለባብሳ ሄደች።

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ነበር። እናቷ ገና ሲገቡ የመጋረጃውን ጫፍ ፈተጉና «ርካሽ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰዎቹን ቀጮ አይታቸው አታውቅም፤ ግን አወቀቻቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው፤ በደንብ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ፊት። ፊልም ሠሪው ከኋላ ማሳያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲያያት ሊመጣ አንድ እርምጃ ተራመደና ተወው።

መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ያምር ነበር። እናቷ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠው፣ የእሷ እጅ ፀጉራቸውን ሲያበጥር። በማንኪያ ስታጎርሳቸው አብራ አፏን ስትከፍት። አሮጌው መኪና ዞሮ ዞሮ እዚያው በር ላይ ሲቆም። ቀጮ ራሷን እንደ ሌላ ሴት አየቻት። ይህን ያህል በስስት ያያት ዓይን የማን እንደሆነ ገባት። ሾርባው የፈሰሰበት ቀን የለም። ቃሉን ጠብቋል።

መብራቱ ሲበራ ሰው አጨበጨበ። ውይይቱን የምትመራው ነርስ «ምን ተሰማችሁ?» አለች። አንዲት እናት «ልጅስ እንዲህ ነው! ወርቅ ናት!» አሉ። ሌላዋ «የተባረክሽ» አለቻት። ቀጮ አንገቷን ደፋች፤ እያንዳንዱ ምስጋና እንደ መርፌ ወጋት።

ከወደ ኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር ተነሱ። ሸሚዛቸው አንገቱ ድረስ ተቆልፏል፤ አንዱ ቁልፍ ግን ያለ ቦታው ነው የገባው።

«ፊልሙ ጥሩ ነው» አሉ። «እኔን ግን አይመለከተኝም። እኔ ትናንት ባለቤቴን መኝታ ቤት ቆልፌባት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ደፈንኩ። በሩን ስትደበድብ እየሰማሁ አልተነሳሁም። ይቺ ልጅ መልአክ ናት። እኔ መልአክ አይደለሁም። እዚህ የመጣሁት እንደ እኔ ያለ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር።» ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ቀጮ ዞራ ፊልም ሠሪውን አየችው። ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ተነሳች።

«አባቴ፣ መልአክ አይደለሁም» አለቻቸው። «ከፊልሙ ተቆርጦ የወጣ ነገር አለ።» ወደ ኋላ ዞረች። «አሳያቸው።»

«የለም» አለ እሱ፤ ድምፁ ሻክሯል። «አጥፋ ብለሽኝ አጠፋሁት። የትም የለም።»

«እንግዲያው በአፌ እናገረዋለሁ።»

ተናገረችው። ሾርባውን፣ የያዘችውን እጅ፣ ጩኸቷን፣ እናቷ ፊታቸውን የሸፈኑበትን። «በሕይወቴ እንደዚያ የፈራኝ ሰው የለም፤ የፈራችኝም እናቴ ናት» አለች። «ካሜራም ያላየው ሌላ አለ። አንዳንድ ጠዋት በሯን ከመክፈቴ በፊት ቆም እላለሁ፤ "ምነው ዛሬ ባትነቃ" እላለሁ። እከፍታለሁ። "ማነው?" ስትለኝ ደግሞ በደስታ እግሯ ላይ ልወድቅ እደርሳለሁ። ሁለቱም እኔው ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

መምህሩ ከእጃቸው ውስጥ ቀና አሉ። «እኔም» አሉ በሹክሹክታ። ከፊት አንዲት ሴት «እኔም» አለች። ከዚያ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲቀበል፣ ማንም እጅ ሳያወጣ፣ ነርሷም ሳትመራው፣ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት የኖረው ሁሉ ተዘረገፈ።

ቀጮ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። እናቷ ዞር ብለው አዩዋት። የቀሚሷን እጅጌ ጫፍ ያዙ፣ ፈተጉ።

«ጥጥ ነው» አሉ። «ደህና ጨርቅ ነው፣ በእንባ አታበላሺው። ምነው፣ እናት የለሽም እንዴ? የሚያባብልሽ?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ የት ናት?»

«እዚሁ ናት። አጠገቤ።»

እናቷ ጎንበስ ብለው በቀጮ በወዲያ በኩል ያለውን ወንበር አዩ። ባዶ ነበር። አዘኑላት። መዳፋቸውን በመዳፏ ላይ አኖሩላት፤ እንደ አንዲት የማታውቃቸው ደግ ሴት።

* * *

ሲወጡ መኪናውን አስነስቶ ጠበቃቸው። ቀጮ እምቢ አላለችም፤ አቅምም አልነበራትም። እናትና ልጅ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱን አጋመሱ።

«ሾፌር» አሉ እናቷ። «ያ የተማረው ልጅህ አገባ?»

መሪው ላይ ያሉት እጆቹ ጠበቁ። «አላገባም፣ እትዬ።»

«ምን ሆኖ?»

«የሚወዳት አለች። እናቷን እያስታመመች ነው።»

እናቷ ጥቂት አሰቡበት። «እና አሮጊቷ መች ነው የምትሞተው?»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠው እሱን ነው። አፍኖት አፍኖት ፈነዳ። ቀጮ ተከተለችው፤ ሆዷን ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሳቀች። እናቷም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ከዚያ የቀጮ ሳቅ መሐል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን በእናቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ እናቷ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሞተሩን አጠፋ። ሳይዞር፣ ወደ ፊት እያየ ተናገረ።

«ያን ቀን ስልኩ ላይ የቀረውን ብትሰሚ ኖሮ... "ወድቀው ላያቸው መጥቼ አባቴን አገኘሁ" ነው ያልኩት። አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም፤ ተናድጄበት ነበር። እዚህ ቤት "እሺ፣ እትዬ" ስል ከአፌ የወጣው ድምፅ የእሱ ነው። መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስንት ጊዜ አለቀስኩ።» መሪውን ለቀቀ። «እጠብቅሻለሁ፣ ቀጮ። የፈለገውን ያህል ይፍጅ።»

«አትጠብቀኝ።»

ዞሮ አያት።

«መጠበቅ ማለት የእሷን ሞት መጠበቅ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተን ባየሁ ቁጥር ሞቷን እንዳሰላ አታድርገኝ። ከመጣህ አሁን ና። እሷ እያለች።»

«እስከ መጨረሻው ሾፌር ነው የሚሉኝ።»

«አንተ ሾፌር፣ እኔ ሌባ» አለች ቀጮ። «በዚህ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ የለንም።»

ወደ ቤቱ ዞረ። አባቱ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ የቆመበት ሳሎን ከፊት ለፊቱ ነበር፤ መብራቱ ጠፍቷል። ቀጮ አልገፋችውም። እምቢ ቢላት እንደማትፈርድበት አውቃ ዓይኗን በእናቷ ፊት ላይ አደረገች።

«እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። እጁን በሁለቱ ወንበሮች መሐል ወደ ኋላ ዘረጋላት።

ያዘችው። ሞቃት ነበር። የሚመጣው ምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ አንድ ቀን ሾፌሩንም ይረሳሉ፣ ጨርቅ መለየቱም ይጠፋቸዋል፣ ቀጥሎ መዋጡ፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፤ ያ ሁሉ በዚያ በር ገብቶ በሁለቱ ላይ ያልፋል። ፈራች። እየፈራችም እጁን አልለቀቀችውም።